የልጅ ልጄ፣ ክራሩና የምልመላው ማስታወቂያ

ሴት ልጄ ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ ቅዳሜ ማታ ነበር። ሰላምታውን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ዕድሜውን በነርስነት የጨረሰ ሰው ልቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው፤ «ማን ታመመ? ትኩሳት አለው?» አልኳት።

«ኧረ እማዬ፣ ትኩሳትስ በሆነ። ልጁ ወታደር ልሁን እያለኝ ነው።»

ልጁ የምትለው የበኩር ልጇን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ ደብረ ማርቆስ ከእኔ ጋር ነው ያደገው። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ለሠራዊቱ የኪነት ክፍል ድምፅና የመሣሪያ ችሎታ ያላቸው ወጣቶች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ አይቶ ኖሯል። ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በስልክ ለእናቱ ነገራት። በአንድ ጣራ ሥር እያደርን ወሬውን ከአዲስ አበባ ዞሮ መስማቴ ትንሽ ከንክኖኛል።

«ክራሩን የገዛሽለት አንቺ ነሽ» አለችኝ በመጨረሻ።

እውነቷን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው የገዛሁለት። ልጁ ግን በክራሩ አላበቃም፤ ግጥም ይጽፋል። የደብተሩ የኋላ ገጾች ከፊዚክስ ቀመር ጎን ስንኝ ሞልቶባቸዋል። የሚጽፈውም ስለ ሰፈራችን ነው፤ ስለ ጋሪ ነጂዎቹ፣ ጠላ ስለሚጠምቁት እናቶች፣ ገና ሳይነጋ የቀን ሥራ ፍለጋ አደባባይ ስለሚቆሙት ልጆች። አንብቤዋለሁ። ሳያየኝ ነው ያነበብኩት፤ አያት ስትሆኑ ይገባችኋል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ሻይውን ሲያማስል ቆየና ቀና አለ። «እማማ፣ ጥላሁን ገሠሠ ወታደር ቤት አልነበረም? መሐሙድ አህመድስ?»

ምን እለዋለሁ? ነበሩ።

እኔ በ1947 ዓ.ም. የተወለድኩ ነኝ። በልጅነቴ ሬዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በሰፈራችን አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነበረና ልጆች ከደጇ ተኮልኩለን እንሰማለን። የምንሰማው ዘፈን አብዛኛው ከወታደርና ከፖሊስ ቤት የሚወጣ መሆኑን ያኔ አላውቅም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የምድር ጦር ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ እየተባለ ይጠራል፤ እርስ በርሳቸውም ይፎካከራሉ። ዘፋኞቹና ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው። ደንብ ልብስ አላቸው፣ አዛዥ አላቸው፣ ቢያጠፉ ይቀጣሉ። ሴቶችም ነበሩበት፤ ብዙነሽ በቀለ በክብር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ በፖሊስ። እኛ ወላጆች ለልጆቻችን የምንመርጠውን «ተማር ልጄ»ን የዘፈነው አለማየሁ እሸቴ ራሱ ያደገው በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነው።

ለምን ወታደር ቤት? ሌላ ቤት ብዙም ስላልነበራቸው ነው። ዘመናዊው የሙዚቃ መሣሪያና ትምህርቱ ወደ አገራችን ሲገባ በአብዛኛው በመንግሥት ባንዶች በኩል ነው የገባው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በተለምዶ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ከነጻነት በኋላም እያንዳንዱ የጦር ክፍል የየራሱን ባንድ አቋቋመ። የድሃ ልጅ ሳክስፎን በምን አቅሙ ይገዛል? ወታደር ቤት ግን ይሰጠዋል፣ ያስተምረዋል፣ ያበላዋል።

መሐሙድ አህመድን ውሰዱ። የመርካቶ ልጅ ነው፤ ጫማ ጠርጓል፣ አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሠርቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ተጫዋቾች እዚያ ሲጫወቱ ዘፋኝ ይጎድላል፤ ልጁ ልሞክር ብሎ ወጣ፣ ዘፈነ፣ ተቀጠረ። እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስም በዚያው ቆየ። ጥላሁን ገሠሠ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ያደገ ነው። ገና ልጅ ሳለ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ከዚያ ክብር ዘበኛ ወሰደው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ሲያርፍ አገር እንዴት እንዳለቀሰ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

የልጅ ልጄ የሚያውቀው ይህን ብርሃኑን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ነገርኩት። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው መንግሥት ሊገለብጡ ሲሞክሩ፣ ነገሩ ከከሸፈ በኋላ ክብር ዘበኛ የተባለ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ጥላሁንም ታሰረ። መሣሪያው ማይክሮፎን የነበረ፣ ገና ሃያ ዓመቱ የሆነ ልጅ! ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የልብሱን ዕዳም አብሮ ይለብሳል። ሌላም አለ። የባንዱ ሰው ሥራው የባንዱ ነው፤ ከውጭ እንደ ልቡ ልሥራ ቢል አይፈቀድለትም ነበር። ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ድርሻ ሆኖ ኖሮ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ሲጀምር ነው በሩ የተከፈተው።

ደግሞ ስንቶቻችን ነን ዘፋኙን አውቀን ደራሲውን የማናውቅ? ኮሎኔል ሳህሌ ደጋጎ፣ ሻምበል አፈወርቅ ዮሐንስ፤ ከእነዚያ ታላላቅ ድምፆች ጀርባ ዜማና ግጥም ሲሠሩ የኖሩ፣ ማዕረጋቸው ከስማቸው ቀድሞ የሚጠራ ወታደሮች ናቸው። ቀን ሰልፍ፣ ማታ ዜማ። የልጅ ልጄ ሁለቱንም ስም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደራሲ እሆናለሁ የሚል ልጅ!

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እናቴ ትፈትላለች፣ ጠላም ትጠምቃለች። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በአንዱ ጥግ የአባቴ ጉድጓድ፣ በሌላው የእናቴ ጋን። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ሲረግጥ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲልከው፣ ማጉን ሲመታው፣ ያ ድምፅ ያስተኛናል፣ ያነቃናልም። ታናሽ ወንድሜ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጦ ማግ እያጠነጠነ በዚያ ድምፅ ላይ ቃል ይደረድር ነበር። ገና በሰባትና በስምንት ዓመቱ ነው። እናቴ አልወደደችውም። «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ትለዋለች። በእኛ አገር ያኔ ሸማኔ መሆን ራሱ ይናቃል፤ በዚያ ላይ አዝማሪ ከተጨመረበት የት ይገባል?

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። እናቴ አዝማሪን ብትንቅም ቅኔን ታከብራለች። ደብረ ኤልያስ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አገር ነው። እሳቸው ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገብተው መዝሙርም ተውኔትም ጻፉ፤ ጣሊያን ሲገባ ሱዳን ተሰደዱ፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ደመወዝተኛ ወታደር አልነበሩም፤ ቃላቸው ግን የአርበኛ ነው። የጎጃም አርበኛም ቢሆን ያለ ሽለላና ያለ ቀረርቶ አልዘመተም። ስለዚህ ወንድሜ ሲከራከራት «ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ አዝማሪ ናቸው?» ይላታል። «እሳቸውማ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው» ትላለች። ክርክሩ ሁልጊዜ በዚሁ ያልቃል።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል። በዓመቱ የወንድሜ ስም በቀበሌ ተጠራ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አባቴ የሠራውን ጋቢ ሰጠው፤ እናቴ በሶ ቋጠረችለት። እኔ ያኔ በሆስፒታል ተቀጥሬ እሠራ ነበርና የጉልኮስ ዱቄትና ፋሻ ሰጠሁት፤ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። ሁለት ዓመት የተባለው ሰባት ሆነ።

ሰሜን ሄደ። ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ወታደር ጠብመንጃውን ይዞ ይውላል፤ ማታ ደግሞ የብርጌዱ የኪነት ቡድን ግጥም እንዲሠራላቸው ይጠራዋል። መቼ ትጽፋለህ ብዬ በደብዳቤ ጠይቄው ነበር። ዘብ ላይ፣ በቃሌ ነው አለኝ። ዘብ ላይ መብራት የለም፣ ወረቀት የለም፤ ሁለት መስመር ይሠራና እስከ ንጋት ይደጋግመዋል፣ ሲቀየር ለሚቀጥለው ዘብ ያስጠናዋል። አንዱ ቢረሳ አንዱ እንዲያስታውስ ነው። ሰልፍ ላይ ከሆነ ደግሞ የእግሩን ኮቴ እየቆጠረ። «እታለም፣ የሻለቃ እግርና የአባባ እግር አንድ ዓይነት ይመታል» ብሎ ጽፎልኛል። ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለኝ።

የልጅ ልጄ ይህን ስነግረው ስልኩን አወጣና ጆኒ ካሽ ስለሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ አሳየኝ። አርካንሳው በሚባል ግዛት ዳይስ በተባለች ሰፈር የጥጥ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጥጥ እየለቀመ ያደገ። በ1950 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አየር ኃይል ገብቶ ጀርመን አገር ተላከ። ሥራው የሩሲያኖችን የሞርስ መልእክት በጆሮው መጥለፍ ነበር። እዚያው ጊታር ገዛ፣ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ፣ በኋላ ዓለም ያወቀለትን የእስር ቤት ዘፈንም ሰፈር ሆኖ ጀመረው። አራት ዓመቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ገባ። «እሱም ጥጥ፣ እኛም ጥጥ» አለኝ ልጁ እየሳቀ። ሳቅሁለት። ልዩነቱንም አልሸሸግሁትም፤ ያ ሰው ያገለገለው ጦርነት በሌለበት አገር ነው፣ ውሉም በተባለው ቀን አልቋል።

ወንድሜ ከሠራቸው ውስጥ አንዱን ላስነብባችሁ። ሲጀምረው እንዲህ ነበር፦

የአባቴ መወርወሪያ አለው መመለሻ፣
እኔን ወርውረውኝ አጣሁ መድረሻ።

የኪነት ቡድኑ ካድሬ አነበበና «ወርውረውኝ? እነማን ናቸው የወረወሩህ?» አለው። በዚያ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ ሰው ያስቀጣል። ወንድሜ በሁለተኛው ቀን «እኔ ተወርውሬ» ብሎ አመጣው፤ ወርዋሪ የሌለው ውርወራ። ካድሬው አሁንም አልወደደውም። «አጣሁ መድረሻ» ተስፋ ያስቆርጣል ብሎ በራሱ እጅ «እኔም ተወርውሬ ድል ነው መድረሻ» አደረገው። እንዲህ ሆኖ ተዘፈነ።

እንዴት አወቅሁ? በ1979 ዓ.ም. አንድ የጦር ኪነት ቡድን ደብረ ማርቆስ መጥቶ ትርኢት ያሳይ ነበር። እናቴን ለምኜ ወሰድኳት። ወንድሜ ከቡድኑ ጋር አልነበረም፤ ግን ዘፈኑ መጣ። ግጥሙን ሳትሰማ፣ ከበሮው ገና ሲጀምር፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ክንዴን ያዘችኝ። «ይሄ የአባትሽ እግር ነው» አለችኝ። እኔ አልገባኝም ነበር። ቃሉ ሲመጣ ነው የገባኝ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እናቴ ታለቅሳለች። ሲያበቃ መጋረጃው አጠገብ ሄጄ ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። «የጋራ ፈጠራ ነው፣ ጓድ» አለኝ አንዱ፣ ላቡን እየጠረገ። ክፋት አልነበረውም። እንደዚያ ነበር የሚባለው።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ አዝማሪ የሚለውን ቃል በወንድሜ ላይ ተናግራ አታውቅም። የልጇን ስም ግን ከመድረክ ሳትሰማ ሞተች።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወንድሜ በእግሩ መጣ። ደጄ ላይ ቆሞ አላወቅሁትም፤ ጋቢው ነው ያስታወቀኝ። እግሩን ሁለት ሳምንት በጨው ውኃ እያጠብኩ፣ የበሰለውን ጥፍሩን እየነቀልኩ አከምኩት። አባታችን በ1980 ዓ.ም. አርፎ ነበርና ወንድሜ ሲሻለው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የገባ እስካሁን እዚያው ነው። ጥሩ ጋቢ ይሠራል። አንድም ቀን ግን ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ለምን እንደተወው ጠይቄው አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት!

እኔ በሥራዬ የዘፈንን ጉልበት አይቻለሁ። በዚያው በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ቁስለኛ ሲበዛብን ማደንዘዣ የሚያልቅበት ቀን ነበር። ፋሻ ስቀይር «ዘፈን ታውቃለህ? ዝፈንልኝ» እላቸው ነበር። በምንም መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ዘፈን የያዘ ሰው ትንፋሹን በረጅሙ ይስባል፣ ሰውነቱ አይገተርም፣ እኔም ቶሎ እጨርሳለሁ። የሚዘፍኑት ሽለላ አልነበረም። የመንደራቸውን ዘፈን ነው፤ የአውድማ፣ የደቦ፣ የእናታቸውን እንጉርጉሮ። አንዱ የበቅሎ ጭነት ዘፈን ነበር የሚያውቀው።

የሴት ልጄን እንባና የልጅ ልጄን ዓይን ሳይ ይህ ሁሉ መጣብኝ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ይኖር ይሆናል። እኔ በዚህ ነገር ላይ ብልህ ነኝ አልልም፤ ግን ቁጡ ወላጅ መልስ አያገኝም። «አትሄድም!» ማለት ቀላል ነው። ልጁ ዕድሜው ሲሞላ ሄዶ ይፈርማል፣ እናንተም የፈረመበትን ሳታነቡ ትቀራላችሁ። ስለዚህ እኔ ለሴት ልጄ ያልኳት፣ እንጠይቅ ነው። የስንት ዓመት ውል ነው? ትምህርት ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? ኪነት ክፍል ገብቶ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል ወይ? የሚጽፈው ግጥምስ የማን ይሆናል? በወንድሜ ዘመን ያልነበረ ነገር ዛሬ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ያውቀዋል። አሠሪ ያለው ሰው የሚሠራው ሥራ ግን ውሉ ላይ የተጻፈው ይወስነዋልና ማንበብ ያስፈልጋል። ሴት ልጄ በስልክ ውስጥ ዝም ብላ ሰማችኝና «አንቺ ልታስቀጥሪው ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም። ልጁ ሲወስን ዓይኑ ተከፍቶ ይሁን ብዬ ነው።

ያልጠየቅሁት አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በዓል ስለሆነ አይሠራም፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ልጁ «ጋሼ» ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ነገሩን ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገርኩት። ወንድሜ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ቡና ፈላ፣ አንደኛው ተቀዳ።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው የምትሠራው?» አለው።

«ስለ ሰፈራችን ነው ጋሼ።»

«እሱን እዚያም ይወዱልሃል። እኔም የሰፈሬን ዘፈን ነበር የወሰድኩት። አስተካክለው መለሱልኝ፤ አልከፋኝም። ሰባት ዓመት ያኖረኝ እሱ ነው።» ሲኒውን አስቀመጠ። «ሌሎች ግን ሠርቻለሁ። ወደ ተራራ ለሚወጡ ልጆች የሚዘፈን። እንዳንተ ያሉ ናቸው፣ ጢም የላቸውም። ማታ እኔ አስጠናቸዋለሁ፣ ጠዋት እሱን እየዘፈኑ ይወጣሉ። ደስ ይላቸው ነበር። ማታ ስንቆጥር...» አላለቀም። ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ ለምን ዘፈን ተውክ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ፈርቼ ነው» አልኩት።

«ደግ አደረግሽ። ያኔ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር።»

ልጁ እጁን ጉልበቱ መሐል ከቶ ተቀምጧል። እኔ እንዲመክርልኝ፣ ቁርጥ ያለ ነገር እንዲለው ጠብቄ ነበር፤ ሂድ ወይም አትሂድ። ሁለቱንም አላለም። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ «እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አለው።

ልጁ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ስለ ጋሪ ነጂው አነበበ፣ ስለ ቀን ሠራተኞቹ አነበበ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል። ልጁ «ሸማኔው ሲፈትል ውሎ ሲፈትል አደረ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ማነው የሚፈትለው?»

«ሸማኔው።»

«ሸማኔ አይፈትልም። ሸማኔ ይሠራል። የምትፈትለው ሴቲቱ ናት። የአያትህ እናት፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በእንዝርት። ጣቷ እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ነበር።» የራሱን ጣት አሳየው። «አንተ የእሷን ሥራ ለእኔ ሰጠኸኝ።»

ልጁ ቀላ። እስክሪብቶ ለመነኝና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ እንደገና ሰረዘ። ማስታወቂያው የሚያበቃው ከዚህ ሐሙስ በኋላ ነው፤ ስለሱ ማንም አላነሳም።

«ጋሼ፣ ድሩ መሐል ላይ ሲበጠስ ምን ይደረጋል?» አለ ቀና ብሎ።

«ና፣ ግባ። ዛሬ አልሠራም፤ ግን ላሳይህ።»

ሁለቱም ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ከውጭ ሦስተኛውን ቡና ስጠብቅ ወንድሜ ስለ ድርና ስለ ማግ ሲያወራ ይሰማኛል፤ ከዚያ ልጁ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሳይሰድ አልቀረም፣ አንድ ሁለት ጊዜ የመርገጫው ድምፅ ተሰማ፣ ቆመ፣ እንደገና ተሰማ።